የገሞራ ካባ

ካባውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣
ሽምብጥ፣ ከባጃጆቹ መቆሚያ ጎን፣ ባንድ በር ሱቄ፤
አሥራ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ተርትሬ፣
በጥቁር ቀለም አጥልቄ።
ኮሌታው የመኪና ከመነዳሪ ነው፣
ትከሻው ላይ አሮጌ መረብ አስሬ።
«ይክበድ» አለኝ ዳይሬክተሩ፣ «ሲራመድ ምድር ትስማው!»
አከበድኩት፤ በጠርዙ ዙሪያ የመረብ እርሳስ ቋጥሬ።

ባሌ ይበልጣል፣
ጉንዳን ሲረግጥ «ይቅርታ» የሚል ሰው፣
ያንን ሲደርብ ነው
አበጋዝ ገሞራ የሚሆነው፤
የሰባት ጨረቃ ጌታ፣
ከዓለም ዓለም እየዘለለ
ሐይቅ በዋንጫ የሚጨልጥ፣
ውሃ የሚዘርፍ ሽፍታ።

ሐሙስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት
ሰፈሩ ቴሌቪዥን ከበብ ብሎ ይረግመዋል፤
አርብ ጠዋት ባሌ
ቢጫ ጀሪካን ይዞ ቦኖ ይሰለፋል።
አንድ ቀን ወይዘሮ ፈንታነሽ ዞር አለችና፣
«ያን ሁሉ ሐይቅ ጠጥተህ
ለሃያ ሊትር ደግሞ ከእኛ ጋር ትጋፋለህ?» አለችው።
ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።
ጀሪካኑን በእግሯ ከመስመር ገፋችው፤
«ኧረ!» ያላት ማንም የለም።

ዓሣ ሻጩ አይቸው፣ የአሥር ዓመት ደንበኛችን፣
ቆሮሶውን ሳይጠቀልል ሰጠን፤
«እምቦጩንም አንተ ነህ ያመጣኸው ይላሉ» አለው።
ይበልጣል ሳቀ።
ጥርስ ብቻ ነበር።

ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆሞ
ድምፁን ከሆዱ እየጎተተ ያጠናል፦
«ተንበርከኩ! ውሃችሁን አምጡ!»
ከወዲያ ክፍል ሶስና፣ እንቅልፍ በያዘው አፏ፣
«አባዬ፣ ውሃ አምጣልኝ» ትላለች።
ጦሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ
ያመጣላታል።

የመጨረሻው ክፍል ሚያዝያ ላይ ተቀረጸ፣
ከወራሚት ወዲያ፣ ደንገሉ በሳሳበት ዳር፣ ገና ጎህ ሲቀድ።
ገሞራ ይወጋል፣ ሐይቁ ውስጥ ይወድቃል፣
ውሃ የተሰረቀ ውሃውን ያስመልሳል፤
ድርሰቱ እንዲህ ይላል።

ወደቀ።
ፔሊካኖቹ ግር ብለው ተነሡ፣
ዳይሬክተሩ ጭኑን መታ፣ «እንዲህ ነው መሞት!»
እኔ እቆጥራለሁ።
አምስት። አሥር። አሥራ ስድስት።
እርሳሱ ትዝ አለኝ፤
አንድ በአንድ፣ በእጥፍ ክር፣
እንዳይላላ ብዬ በጥርሴ የበጠስኩት።

«ይበልጣል!» ብዬ ጮህኩ።
አንዱ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ አፈጠጠብኝ፤
ድምፅ እየቀዳ ነበር።

ያኔ ከእምቦጩ መሀል አንድ ታንኳ ወጣ፤
ሽማግሌ፣ መረቡን ሊያነሣ የመጣ፣
ቴሌቪዥን የሌለው፣
ሐሙስን ከረቡዕ በገበያ ብቻ የሚለይ።
መቅዘፊያውን ጣለ፣ ቢላውን ነክሶ ገባ፣
ከአንገቱ ላይ ቆረጠው ያንን ካባ፤
ባሌን በብብቱ እየጎተተ
እንደ አምባዛ ታንኳው ላይ ዘረጋው።
የላስቲክ ቀንዱን አየ፣
ብር የተቀባ ፊቱን አየ፣
ምንም አላለ።
በጋቢው ጫፍ አፍንጫውን ጠረገለትና
«የማን ልጅ ነህ?» ብቻ ጠየቀው።

ይበልጣል ሳለ፣ ውሃ ተፋ፣
«የሙላው» አለ፣ «የዳንግላው፣ የሙላው ብዙዓየሁ»፤
ስምንት ወር ያልሰማሁትን
የራሱን ድምፅ ሰማሁ።

ክፍሉ የታየ ማታ ሽምብጥ እልል አለች።
አንድ ሰው ርችት ተኮሰ።
ሟቹ አጠገቤ ተቀምጦ ነጭ ሽንኩርት ይልጣል፤
«ደስ አላቸው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።
ቅር እንዳለው፣ ደስ እንዳለው፣
እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ሰኔ ላይ ስልክ ተደወለ፦
ገሞራ ከሞት ይነሣል፣ አዲስ ምዕራፍ አለ፣
ሌላ ካባ ይሰፋ፤ እንደ ድሮው ይክበድ።
«እሺ» አልኩ።
ጨርቁን አጠቆርኩ፣ ኮሌታውን አቆምኩ፤
ጠርዙ ላይ ግን፣ ከውስጥ፣ ካሜራ በማያየው በኩል፣
መረብ የሚያንሳፍፈውን ቡሽ
ሠላሳ ሁለት ቋጠርኩ።